በፌርፋክስ ባዶ ሳሎን የሰነበትኩባቸው ቀናት

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያሉት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ልጄ ሰናይት፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዳ በዚያው የቀረች። ባሏ መስፍን፤ ታክሲ ነጂ። የልጅ ልጄ፤ እኔ በደረስኩ ቀን የሠላሳ አምስት ቀን ሕፃን። ሰው ሁሉ እትዬ የሚላት ብርቅነሽ፤ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላት። ጋሼ ደምሴ፤ አገር ቤት መምህር የነበረ፣ እዚያ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ። ካሳሁን፤ በሱዳን የስደተኞች ሰፈር በኩል የመጣ ጎልማሳ። ስሙን ያልጠየቅሁት አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ፤ የአናጢ ዕቃ ሻጭ። መጨረሻም እኔ ተሰማ፤ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ሶፋና ቡፌ እየሠራሁ አራት ልጆች ያሳደግሁ አናጢ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ራሴን ከኋላ አሰልፌአለሁ።

ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ነው። ስለ ፎቅ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እኔ የማውቀው እንጨት ነውና የምጽፈው ስለ አንድ ሳሎን ነው።

ሰኞ ተነሣሁ። የመውጫ ቪዛው ሰባት ወር ፈጅቶብኛል፤ ቀበሌው ሁለት ጊዜ፣ ከእሱ በላይ ያለው ከፍተኛው ሦስት ጊዜ መልሶኛል። ስጠባበቅ ሥራ አልፈታሁም። ለልጄ ሳሎን የሚሆን የመስታወት ክፈፍ ከዋንዛ ሠራሁ፤ ዙሪያውን አበባ፣ ከላይ ሁለት ጣዎስ ፈልፍዬ። ሦስት ወር ጨረሰብኝ። በጋቢ ጠቅልዬ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣ ውስጥ አስገባሁት። መስታወቱን እዚያው ትገዛለች ብዬ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በሃያ ዓመቴ፣ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው። እንግሊዝኛም የለቀምኩት ከመሣሪያ ሣጥን ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ቋንቋ መሮና መላጊያ መጥራት እችላለሁ፤ ውሃ ስጡኝ ማለት ግን አልችልም። አይሮፕላኑ ላይ ይህን የተረዳች አንዲት አስተናጋጅ ሳልጠይቅ በየሰዓቱ ውሃ ታመጣልኝ ነበር። እግዜር ይስጣት።

ማክሰኞ ማታ ሎስ አንጀለስ ገባን። ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ፊቱን ወደ በርበሬው ቢያስጠጋ ማስነጠስ ጀመረ፤ እጁን አወናጭፎ አሳለፈኝ። ክፈፉን ግን አየሁት፤ አንዱ ማዕዘን ተሰንጥቋል። ውጭ መስፍን እየጠበቀኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል አነሣሁት። «ጋሼ፣ ታክሲውን ፓርክ ያደረግኩት ራቅ ብሎ ነው፣ እዚህ ይጠብቁኝ» አለ። ደስ አለኝ። መንገድ ላይ ግን መሪውን እንደያዘ «ደክሞሃል አይደል?» አለኝ። እዚያ አገር አንቱታ በመንገድ ይጠፋል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እሱም ገብቶት ሬዲዮ ከፈተ።

ረቡዕ ጠዋት ስነቃ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ዕቃ የሌለው ቤት ድምፁ ሌላ ነው፤ የሕፃኑ ልቅሶ እንኳ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ወደ ሳሎኑ ወጥቼ ቆምኩ።

ወለሉ ባዶ እንጨት ነው፤ ተፍቆ ዘይት የጠጣ። ግድግዳው ወጥ ሰማያዊ ቀለም፣ ክረምት ሊገባ ሲል ሰማዩ እንደሚሆነው ያለ። መጋረጃው ጥቁር ሰማያዊ፣ አበባ የሌለበት። በአንድ ወገን ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ መሐል ላይ ጠረጴዛና አራት ወንበር፣ መስኮቱ ሥር አንድ የሚወዛወዝ ወንበር፣ ጥግ ላይ ሣጥን። ሣጥኑ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ድርብ የአልጋ ልብስ ታጥፏል፤ ጥቁር፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ አራት ማዕዘኖች፣ ስፌቱ እንደ ጤፍ ዘር የደቀቀ። ሌላ የለም። ቴሌቪዥን የለም። ስልኩ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተሸሽጓል። አንድም ፎቶ አልተሰቀለም፤ የእናቷም፣ የእኔም፣ የሠርጓም። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሥዕለ አድኅኖ አለመኖሩ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሳሎን ሲገባ የባለቤቱን ኑሮ ሳይጠይቅ ያነባል። ቡፌው ውስጥ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ይደረደራሉ፤ ሶፋው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ፕላስቲክ። እኔ እንጀራዬን የበላሁት በዚህ ነው። የተወለድኩበት የእናቴ ቤት ግን መደብና ልብስ የሚሰቀልበት የእንጨት ኩላብ ብቻ ነበረው። ከዚያ ቤት ሸሽቼ አርባ ዓመት ሙሉ ቡፌ ስሠራ ኖርኩ፤ ልጄ ደግሞ አሜሪካ ድረስ ሄዳ መደቡን አገኘችው።

ሰናይት ሕፃኑን አቅፋ ስትገባ ይህ የማን ባህል ነው አልኳት። የአሚሽ ነው አለች። ፔንስልቬንያ በሚባል ጠቅላይ ግዛት የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ መኪና አይነዱም፣ መብራት ቤታቸው አያስገቡም፣ ለጌጥ ብለው ግድግዳ ላይ ምንም አይሰቅሉም። ወለሉን ከሸፈነው ምንጣፍ ያላቀቀችው፣ ግድግዳውን የቀባችው፣ የአልጋ ልብሱን በሁለት ክረምት የሰፋችው ራሷ ናት። ሃይማኖት ለውጠሽ እንዳይሆን ብዬ ጠየቅኋት። መኝታ ቤት ወስዳ ግድግዳው ላይ ያለ ትንሽ ቁም ሣጥን ከፈተች፤ እመቤታችን ውስጥ ናት። «በቤተ ክርስቲያንም ሥዕል መጋረጃ አለው አባባ» አለችኝ። አማትቤ ቁም ሣጥኑን ዘጋሁት።

አንዱን ነገር ሳልደብቅ ልጻፍ። ሰናይት ሕፃኑን ልታጥብ ስትሄድ አንዱን ወንበር ገልብጬ አየሁት። ሚስማር የለበትም። እንጨት በእንጨት ተሰክቶ፣ ጣት ሲሄድበት መገጣጠሚያው አይታወቅም። በእኔ ቤት ከሚሠራው ሶፋ ሁለት እጥፍ ሥራ አለው። እጄ ይህ የድሃ ዕቃ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ እኔ ግን እጄን አልሰማሁም። ክርስትናው እሑድ ነው፣ ሠላሳ እንግዳ ይመጣል፣ የተሰማ ልጅ ሶፋ የላትም ይባላል፤ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። እያሰብኩ የሚወዛወዘው ወንበር ላይ ብቀመጥ ወደ ኋላ ወሰደኝና እግሬ ሰማይ አየ። መስፍን ሮጦ ያዘኝ፤ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ጆሮው ቀላ።

ሐሙስ ብቻዬን ፌርፋክስ ወጣሁ። ሰፊ ጎዳና ነው፤ መኪናው መአት፣ በእግሩ የሚሄደው ግን እኔና አንዲት ውሻ የምትጎትት አሮጊት ብቻ። ወደ ላይ ሲሉ የአይሁድ ዳቦ ቤቶች አሉ፤ ወደ ታች የእኛ ሰዎች ሁለት ሦስት ምግብ ቤት ከፍተዋል። ቁልቁል ይሁን ሽቅብ መሄዴን ስቼ ጠፋሁ። መጨረሻ ላይ መስኮቱ ላይ መጋዝ የተሰቀለበት ሱቅ አይቼ እንደ ዘመድ ቤት ገባሁበት። ባለሱቁ ሽማግሌ ነው፤ ከእኔ ይበልጣል። ያለኝን እንግሊዝኛ በሙሉ ተናገርኩት፤ መጋዝ፣ መሮ፣ ኮላ፣ መላጊያ። ሳቀ። የተሰነጠቀውን ክፈፍ በእጄ ስዬ አሳየሁት። አንድ ጣውላ፣ ኮላና ብርጭቆ ወረቀት ሸጠልኝ፤ በአሥራ አራት ዶላር። መጋዝ፣ መሮና መብሻ፣ የራሱን መላጊያም ከግድግዳ አውርዶ ጨመረልኝ፤ ለነዚህ ገንዘብ አልተቀበለም። ዓርብ ማታና ቅዳሜ እንደሚዘጋ በጣቱ ቆጠረልኝ፤ እሑድ አምጣ ማለቱ ነው። የማያውቀውን ሰው መያዣ ሳይጠይቅ መሣሪያ ያበድራል። ጎጃም በረንዳ ውስጥ እኔ ራሴ ይህን አላደርግም።

የሰናይት አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት አይቶ መንገዱን አሳየኝ። መንገዱ በብርቅነሽ ምግብ ቤት በኩል ነበር። የሰናይት አባት መሆኔን ስትሰማ ምሳ አቀረበችልኝ፤ ቀይ ወጡ የቤቴን ቢያህልም እንጀራው ጥቁርና ወፍራም፣ ከሌላ ዱቄት የተደባለቀ ነው። ከዚያ የጠየቀችኝ ማንም የሚጠይቀውን ነው፤ የልጅዎን ቤት እንዴት አገኙት አለችኝ።

ሰው እሑድ መጥቶ ከሚስቅ ዛሬውኑ ይዘንልኝ ብዬ አሰብኩ። ወጡን እያየሁ «ልጄ የምትቀመጥበት የላትም» አልኩ።

ብርቅነሽ ደረቷን ያዘች። የምሳውን ሂሳብ አልቀበልም አለች። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ መስፍን በታክሲው ግሌንዴል የሚባል ሰፈር ወስዶ ሱቆቹን አሳየኝ። ስንመለስ የብርቅነሽ በር ላይ ታክሲዎች ተኮልኩለዋል፤ ጋሼ ደምሴ ደብተር ይዞ ከመስኮት መስኮት ይሄዳል። እኔን ሲያይ ደብተሩን ኮቱ ውስጥ ከተተ። የዕድር መዋጮ ይሆናል አልኩ። መስፍን ግን እሱንም አንድ ሹፌር ከሩቅ አይቶ እንደሸሸው ነገረኝና ግራ ገባው።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቱ ፊት የጭነት መኪና ቆመ። ደምሴ፣ ካሳሁንና ሌሎች አራት ሰዎች ወረዱ፤ ብርቅነሽ ከኋላ ድስት ይዛለች። ቀይ ከፋይ ሶፋ አወረዱ፤ ዘርፍ ያለው፣ እግሩ የአንበሳ። ባለመስታወት ቡፌ አወረዱ። አበባማ ምንጣፍና የፕላስቲክ ጽጌረዳ ከነማስቀመጫው። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ልቤን ደስ አለው። ሶፋው እኔ ራሴ የምሠራው ዓይነት ነበር። ቡፌው ሲገባ ግድግዳውን ፋቀው፤ በሰማያዊው ላይ አንድ ክንድ ነጭ መስመር ቀረ።

ሰናይት ሕፃኑን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ አልተለወጠም። ሁሉንም አንድ በአንድ ስማ አመሰገነች፤ አስቀመጠች፤ ሻይ ሰጠች። ደምሴ ሲወጣ መኪናውን የማይቆምበት ቦታ አቁሞ ኖሮ የቅጣት ወረቀት ጠበቀው። መኪና ማቆሚያ የሚሠራ ሰው ነውና ሁሉም ሳቁበት። ሰናይትም ሳቀች። በሩ ሲዘጋ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ለማን ነገሩ?»

«ለብርቅነሽ ብቻ።»

«ለእትዬ ብርቅነሽ መንገር በአዋጅ ማስነገር ነው» አለ መስፍን። ሰናይት አየችው፤ ሕፃኑን ተቀብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ሣጥኑን ከፍታ አንድ ደብዳቤ አወጣች። የእኔ ጽሕፈት ነው። ለውጡ መጥቶ ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ገንዘብ ልልክላት ሳልችል ቀርቼ የጻፍኩት። እንዳነብ ሰጠችኝ፤ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ። «ቢቸግርሽም ሙቺ እንጂ እጅሽን ለሰው እንዳትዘረጊ። ካልሠራሽለት እጅ አትቀበዪ» ይላል።

«ያን ክረምት» አለችኝ «የአገሬ ልጆች አዋጥተው አመጡልኝ። መለስኩት። ተቀየሙኝ። አንዲት የአሚሽ ባልቴት ዘንድ ወለል እያሸሁ፣ ጨርቅ እየሰፋሁ በምግቤና በመኝታዬ ከረምኩ። ክፍሌ አልጋ፣ ወንበርና አንድ ልብስ የሚሰቀልበት ኩላብ ነበረው። ሰማንያ ላም ያላት የዚያች ሴትዮ ክፍልም እንደዚያው ነበር፤ አልጋ፣ ወንበርና ኩላብ። ድሃ መሆኔን የረሳሁት እዚያ ነው አባባ። እነዚህን ወንበሮች የሠራቸው ወንድሟ ነው፤ ኋላ ሥራ ይዤ ለሁለት ዓመት ከደመወዜ እያስቀመጥኩ ገዛኋቸው። ከማንም ምንም ሳልቀበል እዚህ ደረስኩ። ዛሬ ፌርፋክስ ሁሉ ያዋጣልኝ በእርስዎ ቃል ነው።»

አላለቀሰችም፤ ድምፅዋንም አላነሣችም። «ነገ ለሰዎቹ ምን ብዬ ቀና እላለሁ?» አለችና ወደ ልጇ ገባች።

ሶፋው ላይ ልቀመጥ አልቻልኩም፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ በደብዳቤው ቃል ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ሰምተው ይሆናል፤ የኖረችበት ይህችኛዋ ብቻ ናት። ያፈረሰው ደግሞ ተናጋሪው። ሰውን መምከር የለመደ አፍ ራሱን መስማት ይረሳል።

ክፈፉን ከሻንጣ አወጣሁ። መስታወት በማይሰቀልበት ቤት የጣዎስ ክፈፍ ምን ያደርጋል? ቅዳሜን ሽሬ፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ አራቱንም ጎን በመጋዝ ቆረጥኩት፤ ከዘጠኝ ቦታ። አበባውን በመሮና በመላጊያ ፋቅሁ፤ የሦስት ወር ሥራ በግማሽ ቀን ፍቅፋቂ ሆነ። ዘጠኝ ኩላብ ወጣው። ጣውላውን አለስልሼ፣ ኩላቦቹን ሚስማር ሳልነካ ሰክቼ በኮላ አሰርኩ። ጀንበር ሳትጠልቅ መስፍንን ጠርቼ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አጋጠምነው። ሰናይት አየችው። የሕፃኑን ሻሽ አምጥታ አንደኛው ላይ ሰቀለችው።

እሑድ ክርስትናው ተፈጸመ። ቤተ ክርስቲያኑ በኪራይ የሚገለገሉበት አዳራሽ ነው፤ ነገር ግን ጸሎቱ አልጎደለም፣ ሕፃኑም ውሃው ሲነካው እንደ አገሩ ልጅ ጮኸ። ስሙ ወልደ ማርያም ተባለ። እንግዳው ቤት መጣ፤ ነጠላና ኮቱን ኩላቦቹ ላይ ሰቀለ፤ ሶፋውንና ቡፌውን አይቶ እርስ በርሱ ተያየ። ያዋጣው ሁሉ ደስ እንዳለው ይታያል። ሰናይት ግን ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም።

ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ ተነሣሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ምክር መስጠት ልማዴ ነው፤ እንግዶቹም ምክር ጠበቁ።

«ልጄ ድሃ አይደለችም» አልኩ። «ይህን ቤት ባዶ ያደረገችው ወዳ ነው። ይህ አግዳሚ እናንተ ካመጣችሁት ሶፋ ይበልጣል፤ አናጢ ነኝና አውቃለሁ፣ ረቡዕ ዕለትም አውቄአለሁ። የምትቀመጥበት የላትም ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ እሷ አይደለም ያፈርኩት፤ ቤቷ የእናቴን ቤት መስሎብኝ ነው። እሷ ከማናችሁም ምንም አልጠየቀችም። ለእኔ ስትሉ ይቅር በሏት፤ እኔንም እሷ ይቅር ትበለኝ።»

ደምሴ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ታዲያ ጋሽ ተሰማ፣ ሶፋውን ምን እናድርገው? እኔ እኮ ባዋጣሁት የቀኝ የፊት እግሩ የእኔ ነው።»

«የኋላው የእኔ ነው» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ። ሰናይት ያዋጡትን ለእያንዳንዳቸው ልመልስ ብትል ብርቅነሽ ተቆጣች፤ የሰጠ እጅ አይታጠፍም አለች።

ያን ጊዜ ካሳሁን ከበሩ አጠገብ «ሶ፣ እኛ ኖርዝ ሆሊውድ ሦስታችንም ባዶ ግድግዳ አለን» አለ። «ግን ስታይል አይደለም።»

ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሰናይት ነበረች። ይህ ሰው ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ስምንት ወር ወለል ላይ ሲተኛ ኖሮ፣ ለእሷ ሶፋ መግዣ አዋጥቷል፤ ተሸክሞም አምጥቷል። ይህን የሰማነው ያኔ ነው። የሚያስፈልገው ሰው ሲሰጥ፣ የማያስፈልገው ሲጠየቅለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ መሣሪያዎቹን ለሽማግሌው መለስኩ፤ ከዳቦው ቆርሼ ወሰድኩለት። ሰኞ ሶፋውንና ምንጣፉን ኖርዝ ሆሊውድ ካሳሁን ቤት አደረስን። ቡፌው በደረጃው አልወጣ ስላለ ብርቅነሽ ወሰደችው፤ አሁን የገንዘብ መቀበያዋ ነው፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳውም እላዩ ላይ። እሷ ዘንድ ያምራል። ማክሰኞ ከሰናይት ጋር የተፋቀውን ግድግዳ ቀባን። ቀለሙን እሷ ደባለቀች፣ እኔ ብሩሹን ያዝኩ። ስለ ባልቴቲቱ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ መለሰችው ገንዘብ ሁሉንም ከነዝርዝሩ የነገረችኝ ያን ቀን ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኋትም ነበር።

ሁለት ሳምንት ከሰነበትኩ በኋላ ሊሸኙኝ ሲወጡ ሰናይት ኮቴን ከኩላቡ አወረደችልኝ። ከበሩ ጀርባ ያለው፣ የመጨረሻው ነው። በጣቷ ዳበሰችው።

«አባባ፣ ይኼኛው ላይ አበባ ቀርቶብዎታል።»

«ሳልፍቀው ረስቼ ነው» አልኳት። እሷም እንዳመነችኝ ሆና በሩን ዘጋች።

ሂሳቡ ይህ ነው። ለሶፋው መቶ ዘጠና፣ ለቡፌው መቶ ሃያ፣ ለምንጣፉና ለአበባው ሠላሳ፤ ይህን ያዋጡት ሃያ ሦስት ሰዎች ናቸው። ለጭነት መኪናው ኪራይ ብርቅነሽ ሠላሳ ስምንት። ለቅጣቱ ደምሴ አሥራ አምስት። ለቀለም ሰናይት ዘጠኝ። ለጣውላ፣ ለኮላና ለብርጭቆ ወረቀት እኔ አሥራ አራት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገሬ ሁላችንን ያስከፈለችን አራት መቶ አሥራ ስድስት ዶላር ነው።